መብራት የሄደበት ሰው ፈርጣጭ አይደለም

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ከምሳ በኋላ ነው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን እንኳን አልቀየርኩም። አሶሳ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ጌም ቤት ባለቤት ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ወንበር አሳዩኝና ሥራዬን ቆመው ነገሩኝ። ተራ ማስያዝ። ሰዓት ሲያልቅ መናገር። የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ረስቶ የሚወጣውን መመለስ። መብራት ሲሄድ ሮጬ እሳቸውን ከጓሮ መጥራት፤ ጄኔሬተሩን ከእሳቸው በስተቀር ማንም አይነካውም።

«የቀረውን እየሠራሽ ትለምጂዋለሽ፤ አብሽሪ» አሉኝ።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው በሠፈራ መጥተው፣ ክልሉ አዲስ ሲመሠረት ለየቢሮው ፎቶ ኮፒ እያነሱ ነው ንግድ የጀመሩት። ከፎቶ ኮፒ ወደ ኢንተርኔት፣ ከኢንተርኔት ወደ ጌም። እሳቸው ራሳቸው ጌም አይጫወቱም። ሲያዩት ዓይናቸውን ያማቸዋል።

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፍ ጡረታ የወጣ ሰው ነው ይላሉ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ ሠርቻለሁ፤ አሁን ለማትሪክ ላጠና ወንበሯን ለሌላ አስረክቤያለሁ፤ ስለዚህ ዘመኔ አልቋል፣ ትዝታዬም ይገባኛል። ደግሞ መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ካወቅሁ ወዲህ እጄ አልቀመጥ ብሏል። በባምባሲም በመንጌም ጌም ቤት በር ላይ ለምትቀመጡ ሁሉ ነው የምጽፈው። ተናድጄም ነው የምጽፈው። እስካሁን አልበረደልኝም።

የቀረው ሥራ የትኛው እንደሆነ ያወቅሁት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አንድ ረጅም ሰው፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ከባምባሲ በሚኒባስ መጥቶ አቧራውን ሳያራግፍ አጠገቤ ቆመ። ቶሎሳ ይባላል፤ ባምባሲ ፎቶ ቤት አለው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ሰው የለሽም?» አለኝ።

ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።

«ከኋላዬ የሚቆም።»

የተጣላው ሰው ያለ መሰለኝና ፖሊስ ጣቢያው በዚህ በኩል ነው ብዬ በእጄ አሳየሁት። ቶሎሳ ይህንን እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ይናገራል። የፈለገው የጌም ሰው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ብቻውን ሲዞር ከርሟል።

ጌሙን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። «ሰባቱ በሮች» ይባላል፤ እኛ «በሮቹ» እንለዋለን። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ ከብዙ ከተማ ካለ ሰው ጋር በኢንተርኔት አንድ አገር ውስጥ ይኖራል። ታንክ የሚባለው ፊት ቆሞ ዱላውን ይቀበላል። ሂለር ከኋላ ሆኖ የቆሰለውን ይፈውሳል። ሌሎቹ ይመታሉ። ብቻውን በር የሚከፍት የለም። አብረው የሚውሉት ማኅበር ጊልድ ይባላል፤ መሪ አለው፣ ሹሞች አሉት፣ አባላት አሉት። ጊልድ የሌለው ታንክ ባዶ መንገድ ላይ ጋሻ ይዞ የቆመ ሰው ነው። ጊልድ የሌላት ሂለር ደግሞ የምትፈውሰው የላትም።

ቶሎሳን እዚያው ሦስተኛው ኮምፒውተር ላይ ከነበሩ ልጆች ጋር አቀመጥኩት። ሲመሽ ወደ ባምባሲ የሚሄደው ሚኒባስ ሲጮኽ በሳቅ ታፍኖ ነበር የወጣው። በማግስቱ ሌላ ሰው መጣና «ሰው የምታገናኘው ልጅ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ነኝ።

እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ፤ ከእኔ በፊት የሚያሳይ አልነበረኝም። መጀመሪያ የት እንደሚቆም እጠይቃለሁ፤ ፊት ነው ወይስ ኋላ። ከዚያ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ። ከዚያ ዋናውን እጠይቃለሁ፤ «ስትሸነፍ ማንን ነው የምትሰድበው?» ማንንም አልሰድብም የሚል ይዋሻል፤ ለጊዜው አቆየዋለሁ። ኔትወርኩን የሚሰድብ ለሁሉም ይሆናል። ሂለሩን የሚሰድብን የትም አላስገባም። ከዚያ አንድ ጊዜ አጫውቼ ከጀርባው ቆሜ እሰማለሁ። ማየት አያስፈልግም፤ ሰው ጌም ላይ ማን እንደሆነ በድምፁ ይታወቃል።

ሥራው እየሰፋ ሲመጣ ግሩፕ ከፈትኩ። ከአዲስ አበባም ከአዳማም የጊልድ መሪዎች ገቡ። ታንክ ሲፈልጉ ይጽፉልኛል፤ እኔ አሶሳ ያለውን አቀርባለሁ። ጋሽ ሰይድ ይህንን ሲያዩ ለኮምፒውተሮቹ አዲስ ወንበር አስመጡ። የእኔን የፕላስቲኳን ግን ተዉአት።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያበግነኛል። ወንዶቹ መጥተው አገናኚው የት ነው ይሉኛል፤ እኔ ነኝ ስላቸው ጋሽ ሰይድን ያያሉ። ጋሽ ሰይድ «እኔ የማውቀው ጄኔሬተር ነው፤ እሷን ጠይቅ» እያሉ ይመልሷቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ ተናግሬ ስጨርስ ዞረው እሳቸውን «እውነት ነው?» የሚሉ ነበሩ።

ሐዋ የመጣችው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። የሆሞሻ ልጅ ናት፤ በብሔሯ በርታ ናት። ለትምህርት አሶሳ አክስቷ ዘንድ ትኖራለች፤ እኔ ካለሁበት ትምህርት ቤት፣ ከእኔ አንድ ክፍል ዝቅ ብላ። ሐዋ አማርኛ ስትናገር ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የምትለው፤ እኔንም። ለምጄዋለሁ፤ አሁን ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ የተቆጣኝ ይመስለኛል።

ስትሸነፍ ማንን እንደምትሰድብ ጠየቅኋት። አሰበችና፣ «ሰው ካልሞተ ለምን እሰድባለሁ?» አለችኝ። ሰው ከሞተስ? «ያን ጊዜ ዝም እላለሁ።» ሂለር እንደሆነች ያኔ አወቅሁ። ሳስቀምጣት ደግሞ ጉድ ነው። እጇ አይቸኩልም። ሊወድቅ ያለውን ሰው እሱ ራሱ ከማወቁ በፊት ታውቀዋለች። ቶሎሳ አንድ ቀን ከእሷ ፊት ቆሞ ሲጨርስ ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አላት፤ የሠርግ አባት ነው የሚመስለው።

ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ትልቁ ጊልድ ሂለር ፈለገ። ነጎድጓድ ይባላል፤ መሪው ራሱን «አዛዡ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሌላ ስሙን አላውቅም። ሐዋን አቀረብኩለት። ሴት መሆኗን ሲሰማ ለፈተና አንድ ውጊያ ይበቃ የነበረውን ሦስት አደረገው። ሦስቱንም አለፈች። ከአሶሳ ናት ስለው አንዱ ሹም በድምፅ ገብቶ፣ «አሶሳ ሱዳን ነው አይደል?» አለ። ተሳሳቁ። እኔ ግን የሥራ ሰው ስለሆንኩ ሥራዬን ተናገርኩ። ከተማችን መብራት በፈረቃ እንደሆነ፣ ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ትንሽ እንደሚቆይ፣ የዚያን ጊዜ ገጸ ባሕርይዋ ባለችበት ቆማ እንደምትቀርና የሚጠብቃት ሰው ካለ እንደማትሞት፣ ተመልሳም ሥራዋን እንደምትቀጥል አስረዳሁት። ለሹሞቹም ነገርኳቸው። ጽፌም ላክሁለት። «ገባን፣ ገባን፣ እናት» አለኝ አዛዡ።

ገባን ያለው ይህ ሰው መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ለተወሰኑ ሳምንታት ሁሉም ደኅና ሄደ። ሐዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች፣ የጆሮ ማዳመጫውን ከሻሽዋ ላይ ታደርጋለች፣ ነጎድጓድን በር በበር ታሻግራለች። እሷን አይተው ከእኛ ቤት ሌሎችንም ወሰዱ። ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ከሰው ማገናኘት የመሰለ ሥራ የለም እያልኩ ለእናቴ አወራላት ነበር።

ሦስተኛውን በር ሊከፍቱ ሲሉ መብራት ሄደ። ሮጬ ጋሽ ሰይድን ጠራሁ፤ ሮጠው ገመዱን ሳቡ፤ ጄኔሬተሩ ሳል ሳል ብሎ ተነሳ። ሐዋ ስትመለስ ገጸ ባሕርይዋ መሬት ላይ ነበረች። ሞታለች። ቆማ ሳለ አጠገቧ አልፈው እንደሄዱ በኋላ ሰማን፤ አንድም ሰው አልቆመላትም። እነሱም ያለ ሂለር ፊት ሄደው አለቁ።

ሐዋ ማይኩን ከፍታ ይቅርታ ልትል ስትል አስወጧት።

በዚያው ቀን አዛዡ ሁሉም ጊልድ የሚያነበው ትልቁ ቻናል ላይ ጻፈ። የሐዋን ስም ከነሙሉ ስሟ አደረገና «ፈርጣጭ» አላት። ከሥሩ ደግሞ ከአሶሳ ተጫዋች እንዳትቀበሉ፤ እዚያ መብራትም የለም፣ ታማኝም የለም አለ። እስከ ማታ ከእኛ ቤት የወሰዷቸውን ሁሉ አባረሩ። የሌላ ጊልድ መሪዎችም ተከተሉት፤ አንዳንዶቹ አንድ ጊዜም አሶሳን በስም ጠርተው አያውቁም።

እኔ በድምፅ ገባሁ። መብራት እንደሚሄድ አስቀድሜ ነግሬህ ነበር ወይ አልኩት። ነግረሽኛል አለ። ታዲያ ስለምን ፈርጣጭ አልካት? አዛዡ ዘና ብሎ፣ «መብራት ከሌላችሁ ጌም ምን ያደርግላችኋል? ገበሬ ሁኑ» አለኝ።

የቶሎሳ አባት ገበሬ ናቸው። የእናቴ አባት ገበሬ ነበሩ። ይህ ሰው ምሳውን ከየት እንደሚበላ ልጠይቀው አፌን ስከፍት መስመሩን ዘጋብኝ። አንድ ሰው ሲሰድብህ ታግሰህ ትመልሳለህ፤ ሰድቦህ ከዘጋብህ ግን ስድቡ ቤትህ ይቀራል። ሳምንት ሙሉ ክፍል ውስጥ ለጥቁር ሰሌዳው እየመለስኩለት ሰነበትኩ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዋ ጽሑፉን ለሐዋ አክስት አነበበላቸው። አክስቷ እትዬ ሐሊማ ገበያው ዳር የሱዳን ሽቶ፣ ሳሙናና ከርከዴ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ በእሳቸው ዘንድ የሰው ስም ቀልድ አይደለም። ስምሽ በክፉ በሚነሳበት ቦታ እግርሽ አይረግጥም አሏት። ሐዋ ቀረች። ትምህርት ቤት ሳገኛት፣ «አንተ አትናደድ» አለችኝ። «እኔ አልሸሸሁም። አንተ ታውቃለህ።» እኔ ማወቄ ምን ይሠራላታል? ቻናሉን የሚያነብ እኔን አይጠይቅም።

ስለዚህ የተባረሩትን ሁሉ ሰበሰብኩና የራሳችንን ጊልድ አቋቋምን። አሳያቸዋለሁ ብዬ ነው። ቶሎሳን ከባምባሲ አስመጣሁት፤ ሌሎቹን ከየክፍሉ። አንድ ቤት፣ አንድ ረድፍ፣ ትከሻ ለትከሻ። የመጀመሪያው ውጊያችን ላይ ጥሩ እየሄድን ነበር፤ ቶሎሳ እያጓራ ነው። መብራት ሄደ። ጊልዱ በሙሉ ጠፋ። ከመሪ እስከ ተራ አባል፣ በአንድ ጊዜ፣ ልክ አንድ ሰው ሶኬቱን እንደነቀለው። ጠላታችን የነበረው ጊልድ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ምን እንደደረሰብን ሲጠያየቅ ነበር አሉ።

ሁላችንም አንድ የመብራት መስመር ላይ ነበርንና! የአሶሳ ልጅ ሆኜ፣ የፈረቃውን ተራ ከጸሎቴ እኩል እያወቅሁ፣ ጊልድን በሙሉ በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ሰካሁት። ጋሽ ሰይድ ከጓሮ የገመዱን ጫፍ እንደያዙ መጥተው በጨለማው ውስጥ የተደረደሩትን አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼ ጊልድ ሳይሆን የእድር ድንኳን ነው» አሉኝ። ቶሎሳ ሲስቅ አዲሱ ወንበር ተሰበረ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ሐዋ እንደቀረች ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቶሎሳን ይዤ እትዬ ሐሊማ ሱቅ ሄድኩ። ቶሎሳ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ላብ አጠመቀው። ሐዋ ከውስጥ ሳሙና ትደረድራለች፤ ቀና አላለችም። እኔ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሥራዬን፣ አዛዡን፣ ጽሑፉን፣ አዲሱን ጊልድ። ሐዋ ከእኛ ጋር እንድትጫወት እንዲፈቅዱ ለመንኳቸው።

እትዬ ሐሊማ ቶሎሳን ከላይ እስከ ታች አዩት። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ባምባሲ የት ሰፈር እንደሚኖር፣ ይሰግድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይሄድ እንደሆነ ጠየቁት። ፕሮቴስታንት ነኝ አላቸው። አላህን እስከፈራህ ይሁን አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መብራት ሲሄድባት ምን ታደርጓታላችሁ?»

እኔ ጄኔሬተር እንዳለን ነገርኳቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ጄኔሬተር አልጠየቅሁሽም፤ ስለ ሰዎቹ ነው የጠየቅሁሽ አሉ። ሐዋ በጠፋችበት ሰዓት ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ?

ስንት ሰው ስንት ጥያቄ ጠይቄ አገናኝቻለሁ፤ ይህንን ግን አንድም መሪ ጠይቄ አላውቅም። ስለ መብራቱ አዛዡን ለምኜዋለሁ፣ አስረድቼዋለሁ፤ አልጠየቅሁትም።

እትዬ ሐሊማ ሽቶውን እየወለወሉ ነገሩን። እነሱ ዘንድ፣ ሆሞሻ በኩል፣ ነፊር የሚሉት አለ፤ የእኛ ደቦ ነው። እርሻውን የሚያሳርም ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፣ ያበላል፣ የዚያን ቀን አለቃው እሱ ነው፤ በሚቀጥለው ደግሞ ሌላው። ነፊር ላይ አንድ ሰው ቢያመውና ጥላ ሥር ቢቀመጥ በግራና በቀኙ ያሉት ረድፉን ተካፍለው ያርሙለታል። ማን ቀረ ብሎ የሚጮኽ የለም። ያልታረመው ረድፍ ይታያላ።

ቶሎሳ፣ «እኛ ጋም እንደዚሁ ነው፤ ደቦ ነው» አለ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው።

ጊልዱን አፍርሼ እንደገና ሠራሁት። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰው፤ ሁለቱ ግን በአንድ መስመር እንዳይሆኑ። የጌም ቤቱ ሰዎች በገበያው መስመር። ቶሎሳ እዚያው ባምባሲ፣ ፎቶ ቤቱ። ሁለተኛዋ ታንክ በሆስፒታሉ በኩል የምትኖር የባንክ ሠራተኛ። ለሐዋ ተጠባባቂ ሂለር አድርጌ ከሱዳን ድንበር፣ ኩርሙክ ከተማ፣ ሙዘሚል የሚባል ስልክ ጠጋኝ አገኘሁ፤ ጣሪያው ላይ ሶላር አለው፣ በስልኩ ነው የሚጫወተው፣ ኔትወርኩ ግን እንደ ቀኑ ነው። ቋሚ መሪ የለንም። ውጊያውን የጠራ የዚያን ቀን መሪ ነው። ሰው ከጠፋ ቅርብ ያሉት ሁለቱ ሥራውን ይካፈላሉ፤ ገጸ ባሕርይውን ደግሞ መሃል አድርገው ይጠብቃሉ። ስሙን ነፊር አልነው። ሐዋ ከአክስቷ ፈቃድ አገኘች፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ አላት፣ ከመግሪብ ሶላት በፊት ቤት።

ከዚያ የአራተኛው በር ከበባ መጣ። ከበባ ማለት ያለው ጊልድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ የሚወጣበት ቀን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፤ የጠራችው ሐዋ ናት፣ መሪዋም እሷ። ትልልቆቹ ጊልዶች ስማችንን ሲያዩ ሜዳው ላይ እየጻፉ አላገጡብን። አሶሳዎች ሻማ ይዛችሁ መጣችሁ ወይ አሉን። እኔ ከሐዋ ጀርባ ቆሜያለሁ፤ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ውጊያው መሃል መብራት ሄደ። ጋሽ ሰይድን ልጠራ ሮጥኩ። ስመለስ ሐዋ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጥቁሩን ስክሪን ታያለች። ስልኬን ከፈትኩ፤ ከሙዘሚል የድምፅ መልእክት መጣ። ሐዋ እኔ ጋ ናት፤ አትቸኩሉ፤ ጋሽ ሰይድ ገመዱን ቀስ ብለው ይሳቡ ይላል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሐዋ ራሷን ቆማ አገኘችው። ከፊቷ ቶሎሳ፣ ከጎኗ ሙዘሚል። ጭረት አልነካትም።

ሐዋ ሻሽዋን አስተካክላ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ ከንዴት ይሆናል።

ብዙም ሳይቆይ ሁሉም የሚያየው ሜዳ ላይ አንድ ሰው ሂለር፣ ሂለር፣ ቅርብ ያለ ማንም ሂለር እያለ ይጽፍ ጀመር። አዛዡ ነው። የነጎድጓድ ሂለር በውጊያው መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። አዲስ አበባ፣ ኔትወርኩ ተቋርጦበታል። ለካ እዚያም ይቋረጣል። ሰዎቹ አሁንም አጠገቡ እያለፉ ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ አንድም አልተማሩም። አዛዡ በሩ ሥር ብቻውን ቀርቷል፣ ሕይወቱ ጫፍ ላይ ናት። ለእሱ ቅርብ የነበረችው ሂለር ደግሞ ሐዋ ናት።

ቤቱ በሙሉ ተነሳ። ተይው፣ ይሙት፣ ገበሬ ይሁን ይላሉ። እኔም ብያለሁ፤ ከሁሉም ጮኼ ነው ያልኩት።

ሐዋ ፊቷን ሳታዞር መለሰች። «ነፊር ላይ የጠላኸው ሰው ረድፍ ላይ ስትደርስ ዘለህ አታልፍም።»

ፈወሰችው። ከዚያ ሄዳ ቆሞ የቀረውን ሂለራቸውንም ፈወሰችው፤ ቶሎሳም አጉረምርሞ ጋሻውን አዞረላቸው። በሩ ተከፈተ። በሩ ላይ የሚጻፈው የጊልዶቹ ስም ውስጥ ነፊርም አለ፤ ዛሬም ብትገቡ ታዩታላችሁ።

በማግስቱ አዛዡ ጻፈልኝ። ስለ ትናንቱ አመሰገነ፤ ሐዋን ወደ ነጎድጓድ መልሺልኝ፣ ከሹም በላይ አደርጋታለሁ አለ። ያንን ጽሑፍ ሳያነሳ ነው ይህን ሁሉ የሚለው። እኔም አነሳሁለት። ቀልድ ነበር አለኝ። ቀልድ ከሆነ የሚስቀው የት አለ፤ ልጅቷ ጌም ቤት ተከልክላ የከረመችው በማን ቀልድ ነው ብዬ መለስኩ። ደግሞ አሁን ልጠይቅህ አልኩት፤ መብራት የሄደበትን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? «እንግዲህ ጌም ነው፤ የጠፋ ጠፋ» አለኝ።

ለሐዋ ሁሉንም አነበብኩላት፤ የምትመልሰው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ስሜን ከጻፍክበት አጥፋው በለው አለችኝ። አልኩት። በዚያው ቀን የሐዋን ስም አጠፋው። ከሥሩ ያለውን፣ ከአሶሳ እንዳትቀበሉ የሚለውን ግን እንዳለ ተወው።

ስክሪኑን አሳየኋት። ደስ ይላት ይሆናል ብዬ ነበር፤ አክስቷም ያንን ቢያዩ ይበቃቸዋል። ሐዋ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«የእኔ ጠፋ» አለች። «የአንተ ቀረ።»

ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አደረገች። «የአንተ እስኪጠፋ አልሄድም በለው።»

ነገርኩት። ወንበሯን ባስረከብኩበት ቀን ጽሑፉ እዚያው ነበር። ሐዋም ነፊር ውስጥ ነበረች፤ የሚቀጥለውን ውጊያ የጠራው ቶሎሳ ስለነበር እየታዘዘችው።

ወንበሯን ለተረከበችው ልጅ ያስተማርኳት ብዙ ነው፤ ሰዓቱን፣ የጆሮ ማዳመጫውን፣ ጄኔሬተሩን እንዳትነካ። ስለ ማገናኘት ግን አንድ ነገር ነው የነገርኳት። ሰውን ለጊልድ ከመስጠትሽ በፊት መሪውን መብራት የሄደበትን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ጠይቂው። መልስ ከሌለው፣ ሰው አትስጪው።